የድሮ ጋዜጦቻችንና የተማሪ ጽሑፎች፦ ከ«አእምሮ» እስከ «ባንዲራችን»



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህች መጽሔት ስለ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ሲጠይቀን መጀመሪያ አመንትተን ነበር። እኛ የታሪክ ምሁር አይደለንም። ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜያችንንም ያሳለፍነው እዚሁ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስኳርና ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ስንመዝን ነው። ይሁን እንጂ ስለ አሮጌ ወረቀት የምንናገረው አለን። አሮጌ ወረቀት በብዛት ከሚያልፍበት ቦታ አንዱ የባለሱቅ እጅ ነውና።

ፌስታል እንደ ዛሬው ሳይበዛ በፊት እኛ ባለሱቆች ዕቃ የምንጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። ዓረቦቹ «ጀሪዳ» የሚሉትን በኪሎ እንገዛለን፤ ተሳሊውም ፉሉም ስኳሩም በእርሱ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት እናት ሩብ ኪሎ ቡና ገዝተው ሄዱ። ማታ ሱቅ ልንዘጋ ስንል የቡናውን መጠቅለያ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱ የዓረብ ጋዜጣ አልነበረም። የማኅበረሰባችን ልጆች ተማሪ በነበሩ ጊዜ በእጃቸው ጽፈው በስቴንስል ያባዟት የነበረች መጽሔት ቅጠል ነበረች። በዚያች ቅጠል ላይ የልጃቸው ጽሑፍ አለ። ልጃቸው ደግሞ ዛሬ በሕይወት የለም።

«ልጄ፣ የቀረው ገጽ የት አለ?» አሉን።

ክምሩን ገለባብጠን ፈለግን። ሁለት ቅጠል ብቻ ተገኘ። ሌላው ከስኳር ጋር ወደየቤቱ ሄዶ፣ እሳት ተለኩሶበት ወይም ተጥሎ አልቋል። እኒያ እናት አልተቆጡንም። «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም አላስቀመጥነውም» ብለው ወረቀቶቹን ይዘው ሄዱ። ከዚያች ቀን ወዲህ በሱቃችን የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ዕቃ ተጠቅልሎበት አያውቅም። ይህንንም ጽሑፍ የምናቀርበው በዚያ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ጋዜጦች

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ለዚህ ከኛ ሰፈር የቀረበ ምሳሌ መተማ ነው። ከገዳሪፍ በዶካ በኩል አድርገን ወደ ገላባት ስንወርድ ድንበሩ ጋ የምናገኛት መተማ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ ናት። በዚያን ጊዜ በአገራችን አንድም ጋዜጣ አልነበረም። የንጉሡ ሞት ከሰው ወደ ሰው፣ ከገበያ ወደ ገበያ በአፍ ነው የሄደው። ከዚያ ውጊያ የተመለሰው ተራ ወታደርና ስንቅ ተሸካሚው ያየውን ተናግሮ ሞተ፤ ዛሬ የምናነበው በአብዛኛው የዜና መዋዕል ጸሐፊዎችና የውጭ አገር ሰዎች የጻፉትን ነው።

ከመተማው ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለ ጋዜጣ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ጀማሪው አንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል የግሪክ ተወላጅ ሲሆን ስሙን ያወጡለት ራሳቸው አፄ ምኒልክ እንደሆኑ ይነገራል። «አእምሮ» በመጀመሪያ ማተሚያ አልነበረውም፤ በእጅ እየተጻፈ በሳምንት ሃያ አራት ያህል ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። አንባቢዎቹም በቤተ መንግሥት አካባቢ ያሉ መኳንንትና ጥቂት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ቆይቶ በማባዣ፣ በኋላም ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በማተሚያ መውጣት ጀመረ። በእጅ ጽፎ ማሠራጨት ታዲያ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። የኛም ልጆች በስቴንስል ያወጧት መጽሔት ከመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አነሳስ ጋር ትመሳሰላለች።

በሐረርም የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1905 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ቋንቋ ትርጉሙ «የኢትዮጵያ ዘሪ» የሆነ ጋዜጣ ማሳተም ጀምረው ነበር። ትልቁ እርምጃ ግን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ከዚያው ማተሚያ ቤት «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እንደ ብላታ ደሬሳ አመንቴ ያሉ ሰዎች በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ክቡርነት፣ ስለ አገር መሻሻል ሐሳባቸውን ይጽፉ ነበር። የሚታተመው አምስት መቶ ያህል ቅጂ ቢሆንም አንዱ ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ማንበብ ለማይችለውም እየተነበበለት ብዙ ሰው ጋ ይደርስ ነበር።

በዚያው በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከእርሱ በፊት በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ጋዜጣና ትምህርት ቤት አብረው ማደጋቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም። ትምህርት ቤቱ አንባቢ ይሰጣል፤ ጋዜጣው ደግሞ ያ ተማሪ የተማረውን የሚያነብበትና የሚጽፍበት ቦታ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የመጣውን የተማሪዎች ጽሑፍ ሁሉ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ይወጣ የነበረውን «ታገል»፣ በአሜሪካ ያሉ ተማሪዎች ያሳትሙት የነበረውን «ቻሌንጅ»፣ በአውሮፓ ይወጣ የነበረውን «ታጠቅ» ስናስብ መነሻው ይኸው ነው።

በምንኖርባት ሱዳን

እኛ በሱዳን የምንኖር ሰዎች የጎረቤታችንንም ታሪክ ማወቅ አለብን። ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በካርቱም የተከፈተው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። «አል ሱዳን» የተባለ ጋዜጣ በ1903፣ «ሐዳረት አል ሱዳን» ደግሞ በ1919 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከኮሌጁ የወጡ ወጣቶች በእነዚህ ጋዜጦች ላይ አንዳንዴም ስማቸውን ደብቀው ይጽፉ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተማሩት ወጣቶች ራሳቸው «አል ፈጅር» (ንጋት ማለት ነው) የተባለ መጽሔት አወጡ።

ከነዚህ ሁሉ እኛን በጣም የሚያስገርመን የዓሊ አብደል ለጢፍ ነገር ነው። ይህ መኮንን በ1922 እ.ኤ.አ. ስለ ሱዳን ሕዝብ ጥያቄዎች አንድ ጽሑፍ ጽፎ ለ«ሐዳረት አል ሱዳን» ላከ። ጽሑፉ አልታተመም፤ ጸሐፊው ግን ታሰረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1924 በነጭ ባንዲራ ማኅበር ስም የተነሣው እንቅስቃሴ መሪ የሆነው ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ ያልታተመ አንድ ወረቀት ሰው እስከማሳሰር ከደረሰ፣ የታተመው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማሰብ ነው።

በስደት የታተመው «ባንዲራችን»

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ተቋረጠ። በአገር ውስጥ ነጻ የአማርኛ ጋዜጣ አልቀረም። የኢትዮጵያ ድምፅ ግን በስደት አገር ቀጠለ። በለንደን ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባሉት እንግሊዛዊት ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀምረው ሃያ ዓመት ያህል አሳተሙ። በኒው ዮርክም ዶክተር መላኩ በያን ከጥቁር አሜሪካውያን ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በ1937 እ.ኤ.አ. «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ትርጉም ያለው ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ያወጡ ነበር።

ከግራዚያኒ ጭፍጨፋ በኋላ በሕይወት ለተረፉት ብዙዎች ቅርቡ የመሸሻ አገር ሱዳን ነበር። ከነዚህ አንዱ ተመስገን ገብሬ ናቸው። ተመስገን ከጎጃም የተነሡ ሰባኪና ጸሐፊ ሲሆኑ የሱዳን ስደትን ቀምሰው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በ1941 ዓ.ም. የታተመችው «የጉለሌ ሰካራም» የመጀመሪያዋ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ተብላ ትታወቃለች። የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ የጻፉበት «ሕይወቴ» የተባለው መጽሐፍ ግን ታትሞ ለአንባቢ የበቃው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያንን የእጅ ጽሑፍ የጠበቀ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ባላነበብነው ነበር።

በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። በሰኔ ወር መጨረሻ ጣልያኖች ከሰላንና ገላባትን ያዙ። ያኔ ገዳሪፍ የጦር ግንባር ደጃፍ ሆነች ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ካርቱም ገቡ። ነሐሴ 6 ቀን ደግሞ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመሩት ቡድን ከዶካ ተነሥቶ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም አርበኞች ሄደ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው የሄዱት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። እርሳቸውም ያዩትን በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈው አቆይተውልናል። ዛሬ በሎሪ የምናልፍባት ዶካ ይህን የመሰለ ታሪክ አላት።

በካርቱም ያኔ ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ስቲር ቀደም ሲል ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ የኢትዮጵያን ጦርነት የዘገበ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. በስፔን የጌርኒካ ከተማ በቦምብ መደብደቧን ለዓለም ያሳወቀ ሰው ነው። አሁን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ ሥራው ጥይት ሳይሆን ወረቀት ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጋር ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበትን የአማርኛ አዋጅ አሳትሞ በአውሮፕላን በጣልያን ይዞታ ላይ እንዲበተን አደረገ። የይሁዳ አንበሳን ማኅተም ያዩ ሰዎች ወረቀቱን ስመው ግንባራቸው ላይ እንዳደረጉት ይነገራል። በጣልያን ሠራዊት ውስጥ የነበሩ ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ወረቀቱን አንብበው ወይም ሲነበብ ሰምተው ጣልያንን እየከዱ ወጡ።

ከበራሪው ወረቀት ጋር «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም በዚያ ዘመቻ ጊዜ ከካርቱም ይወጣ ነበር። ስሙን ልብ በሉት። አገሩ ተይዟል፣ ባንዲራው ወርዷል፤ ስደተኛው ግን ለጋዜጣው ያወጣው ስም «ባንዲራችን» ነው። ወረቀቱ በአውሮፕላንም፣ በግመልና በበቅሎ ከሚሻገሩት የአርበኞች መልእክተኞች ጋርም ድንበር ያልፍ ነበር።

በዚያው ጊዜ ከካርቱም ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ሶባ የኢትዮጵያ ወጣቶች የመኮንንነት ትምህርት ይማሩ ነበር። ከነዚህ መካከል በካርቱም ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው፣ በኋላ ጄኔራል የሆነው አማን አንዶም አንዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ባንዲራውን ሰቀሉ። በዚያው ወር መጨረሻ ጣልያኖች ገላባትንና መተማን ለቀው ሄዱ።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. «ሰንደቅ ዓላማችን» የተባለ ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ትርጉሙ ከካርቱሙ «ባንዲራችን» ጋር አንድ ነው። የበለጠ ደስ የሚለን ደግሞ «ሰንደቅ ዓላማችን» በዓረብኛም «አል ዓለም» (ባንዲራው ማለት ነው) በሚል ስም ይወጣ የነበረ መሆኑ ነው። በአማርኛና በዓረብኛ መካከል እንደምንኖረው እንደኛ ያለ ሰው ይህን ጋዜጣ ቢያገኝ ከሁለቱም በኩል ያነበው ነበር። «አዲስ ዘመን»ም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ተከተለ።

እነዚህ ወረቀቶች ዛሬ የት አሉ?

ጋዜጣ የተሠራው ለአንድ ሳምንት ነው። ካነበቡት በኋላ እኛን የመሰለ ባለሱቅ እጅ ይገባል፤ ከዚያ የተረፈውን ምስጥና ዝናብ ይበላዋል። ጥቂቱ የተረፈው አስቦ ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር፣ እንዲሁም በ1955 ዓ.ም. በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የድሮ ጋዜጦችንና መጻሕፍትን ያስቀምጣሉ። የሱዳንም መዛግብት በካርቱም ብሔራዊ የሰነዶች መሥሪያ ቤት ተሰብስበው ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ያለው የደርሃም ዩኒቨርሲቲም ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ሱዳን ደብዳቤና ፎቶግራፍ፣ ማስታወሻና ሰነድ ሰብስቧል።

ነገር ግን ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጥም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ በዓይናችን አየን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ስንቱ ቤትና ንብረት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከካርቱምና ከወድ መደኒ ተሰድደው ገዳሪፍ የገቡትን በየቤታችን ተቀብለናል። በዚያ ጦርነት መጀመሪያ ላይ በኦምዱርማን የአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በውስጡ የነበሩ መጻሕፍትና ሰነዶች አመድ ሆኑ። ብሔራዊ ሙዚየሙም ተዘረፈ። እንግዲህ የአንድ አገር ንብረት የሆነው እንዲህ ከጠፋ፣ በየቤታችን አልጋ ሥር በካርቶን ያለው የኛ ወረቀት ምን ይሆናል?

ከኛ የሚጠበቀው

የማኅበራችን ታሪክ የሚጻፈው ከምንድን ነው? ከቃለ ጉባኤያችን፣ ከደረሰኝ ጥራዞች፣ ለሠርግና ለበዓል ካሳተምናቸው ጥሪዎች፣ ከልጆቻችን የግድግዳ ጋዜጣና መጽሔት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በኡም ራኩባና በተዋዋ ሰፈሮች የኖሩ፣ ወረቀት ይዘው የተሰደዱ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። በ2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ እንደገና ስደተኛ ስትቀበል የመጡትም የራሳቸውን ማስታወሻ ይዘው መጥተዋል። ማንም ይሁን ከየት፣ በየትኛውም ወገን ይቁም፣ የጻፈው ወረቀት ይቀመጥ ነው የምንለው። ዛሬ የማንወደው ጽሑፍም ቢሆን ነገ ለልጆቻችን ታሪክ ነው።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ለማኅበራችን ቤተሰቦች የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ወረቀት ሳታዩ አትጣሉ፣ ለባለሱቅም አትሽጡ። እኛም ባለሱቆች ሳናይ አንጠቅልል።

ሁለተኛ፣ በወረቀቱ ጀርባ ወይም በተለየ ቁራጭ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የጸሐፊውን ስም በእርሳስ ጻፉበት። ቀን የሌለው ወረቀት ግማሽ ዋጋው የወረደ ነው። ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ስለምንኖር የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ምስጥና የክረምት ርጥበት በማይደርስበት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት እንዴት እንደሚሆን ነዋሪው ያውቀዋል።

አራተኛ፣ ዛሬ በሁሉም ቤት የእጅ ስልክ አለ። ወጣቶች እያንዳንዱን ገጽ በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥተው ቅጂውን በውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችንም ይላኩ። አንድ ቅጂ አንድ ቤት ብቻ ካለ አንድ እሳት ይበቃዋል፤ በሦስት አገር ካለ ግን የሆነው ቢሆን አንዱ ይተርፋል።

አምስተኛ፣ ማኅበሩ አንድ ሳጥንና አንድ ኃላፊ ይመድብ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ጽሑፋችንን ከመጨረሳችን በፊት ስለዚያች የልጆቹ መጽሔት አንድ ቃል። እኒያ እናት ያኔ የወሰዷቸውን ቅጠሎች ለዚህ በዓል ሲሉ ለማኅበሩ አውሰዋል። በዓሉ ቀን በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ በመስታወት ሥር ይቀመጣሉ። የቀረውን ገጽ ቤቱ ያለው ሰው ካለ ይዞልን ይምጣ፤ ገልብጠን ወዲያው እንመልስለታለን። ካልተገኘም በሕይወት ያሉት የያኔ ጸሐፊዎች መጥተው የጻፉትን የሚያስታውሱትን ያህል በድጋሚ ይጻፉልን።

ለመላው የማኅበራችን ቤተሰብ መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን! ለአገራችንም፣ ለምንኖርባት ለሱዳንም ፈጣሪ ሰላሙን ያውርድልን።